«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም»፦ እርግማን ነው ወይስ የብድር ውል?

ሹም ከወንበሩ ሲወርድ፣ ሲያሳስር የኖረ ሲታሰር፣ ሰው ሲያማ የከረመ በተራው ሲታማ ወዲያው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም!» ይባላል፤ ያውም እየተሳቀ። ተረቱ «እሰይ፣ የእጁን አገኘ» ለማለት ብቻ የተፈጠረ መሰለ። ቁና ይዞ እህል ለሰፈረ ሰው ግን ነገሩ ወዲህ ነው።

ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ነው ይባላል። የማን ቁና? ቁና በየቤቱ የሚሰፋ ስፌት ነው፤ አፉም ጥልቀቱም እንደ ሰፊዋ እጅ ነው። ሲያረጅ ደግሞ ሆዱ ይነፋል፣ አፉ ይለጠጣል። ስለዚህ የገበያው ክርክር በቁናው ቁጥር አያልቅም፤ «በልክ ነው በቁልል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ልክ ማለት ከአፉ በላይ ያለውን በእጅ ጠርጎ ማስተካከል ነው። ቁልል ማለት እህሉ በራሱ ጊዜ በዙሪያው እስኪፈስ መከመር ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኩል 5 ሊትር የሚይዙ ሁለት ቁናዎች እንውሰድ፤ የአንዱ አፍ ስፋት 24 ሳንቲሜትር፣ የሌላው 30 ይሁን። በልክ ቢሰፈሩ አንድ ናቸው። ስንዴ ቢቆለልባቸው ግን በጠባቡ ላይ የሚቆመው ቁልል 0.9 ሊትር ግድም ሲሆን በሰፊው ላይ 1.8 ሊትር ይደርሳል፤ እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ ላይ መነቅነቅ አለ፦ ቁናውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት መታ መታ ሲያደርጉት ፍሬው ይጠጋጋና ተጨማሪ ይውጣል። አፈ ሰፊ ቁና ለገዢ፣ አፈ ጠባብ ለሻጭ የሚባለው ወዶ አይደለም።

አሁን ወደ ተረቱ። ብዙዎች ምንጩ ወንጌል ነው ይላሉ፤ «በምትሰፍሩበትም መስፈሪያ ይሰፈርባችኋል» የሚለውን በመጥቀስ። ይሁን፤ የሉቃሱ «የተጨቆነና የተነቀነቀ» መስፈሪያም ቁልጭ ያለ የአውድማ ቋንቋ ነው። እኔ ግን የተረቱ እናት የእህል ብድር ናት ባይ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ጎታ ሲጎድል ገብስ ይበደሩና ጥር ላይ ውቂያው ሲያልቅ ይመልሳሉ። በስድስት ወር ውስጥ ቁናው ከተለወጠ፣ ወይም ሲሰጥ በልክ ሲቀበል በቁልል ከሆነ፣ ብድሩ አራጣ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በተሰጠበት ዕቃ መመለስ። ቃሉን ልብ በሉት፤ «በሠሩት ሥራ» አይልም፣ «በሰፈሩት ቁና» ነው የሚለው። ዕቃው ያው ይሁን ማለት ነው እንጂ ክፉ ይድረስብህ ማለት አይደለም። ለጋስ አበዳሪ በለጋስ ቁና ይመለስለታል፤ ዛሬ ይህን ግማሹን የሚያስታውስ የለም።

የሜትር ሥርዓት በኢትዮጵያ በሕግ የጸናው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። ዛሬ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ በኪሎና በኩንታል ይጠየቃል፤ ጣሳና ስኒ ግን ጨርሰው አልሄዱም። «አንድ ቁና ስንት ኪሎ ነው?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። ያው ባለ 5 ሊትር ቁና በልክ ሲሰፈር ጤፍ ከ4 ኪሎ ትንሽ ያልፋል፣ ስንዴ ወደ 3.8 ይጠጋል፣ ገብስ 3 ኪሎ አካባቢ ላይ ይቆማል። በቁና ገብስ ተበድሮ «4 ኪሎ ነው» ተብሎ በኪሎ የሚመልስ ሰው በየቁናው አንድ ኪሎ ገደማ ከከሰረ በኋላ ነው የሚነቃው።

ኪሎም ቢሆን ፈታሽ ይፈልጋል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ እህሉንና ድንጋዩን ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ ክንዱ እኩል ካልሆነ ወዲያው ያጋድላል። የሚንጠለጠለው ባለ ሞላ ከሆነ ደግሞ በ2 ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ይፈተናል፤ ከፕላስቲኩ ጋር ከ2 ኪሎ ጥቂት ማለፍ አለበት። ባዶ ማዳበሪያው ሳይመዘን የተመዘነ ኩንታልም ጎዶሎ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ዘመናዊ ነን ያሉ «በሰፈሩት ኪሎ» ማለት ጀምረዋል። ኪሎ ይመዘናል እንጂ አይሰፈርም! ደግሞም ኪሎ የሁሉም ነው፣ ባለቤት የለውም፤ ቁና ግን የሰውየው የራሱ ነው፣ የተረቱ ጉልበትም እዚያ ላይ ነው። ተረቱን በቦታው መጠቀም የፈለገ፣ ከገበሬ በኪሎ ተረክቦ ለደሃ ታቹ ወደ ውስጥ በተጎደጎደ ጣሳ የሚሸጠው ነጋዴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይበለው።