«ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል?» እና ሌሎች የመኪና ዕቃ አስተሻሸግ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ዱባይ ወይም ሻርጃ ያለ ዘመድ «እስቲ ለመኪናዬ የፊት መብራት ላክልኝ» ያልተባለበት ሰፈር ይኖራል ብዬ አላምንም። ዘመድ ጥሩ ዕቃ መርጦ ይገዛል። እሽጉ ላይ ግን የሚከተሉት አባባሎች ዕቃውን ያበላሹታል።

«ፕላስቲክ እንደ መስታወት አይሰበርም።»
ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ታጥፎ ይመለሳል። የግሪልና የስፖኪዮ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል። የአሁኖቹ መብራቶች ፊት ደግሞ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ምት ይችላል፣ ጭረትና ቤንዚን ግን አይችልም። ስለዚህ ፕላስተር በቀጥታ አትለጥፉበት፤ ሙጫውን በቤንዚን ወይም በቲነር ላስለቅቅ ሲባል ፊቱ በቀጫጭን ስንጥቅ ይሞላል።

ቀድሞ የሚሰበረው ግን ሰፊው አካል ሳይሆን ጆሮው ነው፤ ማለትም ብሎንና ክሊፕ የሚገባባቸው ትንንሽ ማሰሪያዎች። ጆሮው የሄደ መብራት ፊቱ ቢያበራም በቦታው ረግቶ አይቀመጥም። እያንዳንዱን ጆሮ ለብቻው በስፖንጅ ጠቅልሉ፤ ክብደቱ በሰፊው ጀርባ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ከካርቶኑ ግድግዳ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር አርቁት።

«ባዶውን ቦታ በልብስና በሌላ ዕቃ እንሙላው።»
ይህ የእኛ ልማድ ነው፣ ይገባኛል፤ የተከፈለበት ቦታ ባዶ ሲሄድ ያንገበግባል። ነገር ግን ልብስ በመንገድ ላይ ይታመቅና ዕቃው መንቀሳቀሻ ያገኛል። ከዚህ የባሰው በፓራውልቱ ሆድ ውስጥ የፍሬን ሸራ መክተት ነው። ካርቶኑ በወደቀ ቁጥር ብረቱ ከውስጥ ይደበድበዋል። ከባድ ነገር በሌላ ካርቶን ይሂድ።

«ካርቶኑ በሰፋ ቁጥር ይሻላል።»
በአየር ፈጣን መልእክት ብዙዎቹ ድርጅቶች ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታን በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በእሱ ነው። 170 በ60 በ50 የሆነ ካርቶን 102 ኪሎ ይቆጠራል፣ ውስጡ ያለው ፓራውልት ጥቂት ኪሎ ቢሆንም። 170 በ50 በ30 ቢሆን 51 ነው። ግን ለማሳጠር ብላችሁ ፓራውልቱን አጥፋችሁ አትሽጉት፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

«ካልቀለጠ ሙቀት አይጎዳውም።»
ከጂቡቲ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ የሚደርስ ጭነት የአፋርን ፀሐይ ሳይቀምስ አይመጣም። የተዘጋ ኮንቴይነር ውስጡ ከውጭው አየር በብዙ ይግላል። በዚያ ግለት ፕላስቲክ ሳይቀልጥም ተጭኖ የቆየበትን ቅርጽ ይለምዳል፤ የተጣመመ ፓራውልት ደሴ ላይ ሲገጠም ከኮፈኑ ጋር አይገናኝም። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የባብል ራፑ (አየር የተሞሉ ጉብታዎች ያሉት መጠቅለያ ላስቲክ) ክብ ክብ ምልክት ይታተምበታል። መጀመሪያ ለስላሳ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ በኋላ ባብል። የባሕር ዳርቻው እርጥበትም አለ፤ እርጥበት የጠጣ ካርቶን አቅሙ ይከዳዋል። የካርቶን ምሰሶው ጠርዙና ማዕዘኑ ነውና ማዕዘኖቹን ደርቡ፤ ባለ ሁለት ድርብ ካርቶን ምረጡ።

«ተሰባሪ የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ይጠነቀቁለታል።»
ለጥፉት፣ አይጎዳም። ማሸጊያውን ግን ካርቶኑ እንደሚገለበጥና ሌላ ጭነት እንደሚጫንበት አስባችሁ አዘጋጁ።

«በእንጨት ሳጥን ከሆነ አያሳስብም።»
ጥሬ እንጨት በብዙ አገር ድንበር ላይ ተባይ እንዳይዝ በሙቀት (በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ) ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ መታከሙን የሚያሳይ ማህተም ይጠየቃል። ኮምፔርሳቶ ከዚህ ነፃ ነው።

«ፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ በአየር ይሄዳል።»
ቤንዚን የነካው ያገለገለ የነዳጅ ታንክና ኤርባግ ያለበት ዳሽቦርድ እንደ አደገኛ ጭነት ነው የሚታዩት። ሳይናገሩ መላክ ጭነቱን ያስይዛል።

«ኢንሹራንስ ስላለው ቢሰበርም ይከፈለኛል።»
የተለመዱት የጭነት ኢንሹራንስ ውሎች በማሸጊያ ጉድለት የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ላኪው ከማሸጉ በፊት ጆሮዎቹን፣ ከዚያ ውስጡ የተሞላውን ካርቶን፣ በመጨረሻም የታሸገውን በስልኩ ያንሳ። ተቀባዩም ካርቶኑ ተጨፍልቆ ካገኘው ሳይፈርም ፎቶ አንስቶ ጉዳቱን በመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ያስጽፍ።