የገጽታ ዲዛይነር በጎንደር፦ አንድ ሙያ፣ ብዙ ሥራ

የገጽታ ዲዛይነር ሰው ከኮምፒውተር፣ ከስልክ ወይም ከባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ጋር የሚገናኝበትን ገጽ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነው። ስክሪኑ ላይ የትኛው ቃል ቀድሞ እንደሚታይ፣ የሚነካው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ፣ ስህተት ሲፈጠር ለተጠቃሚው ምን ተብሎ እንደሚነገረው የሚወስነው እሱ ነው። በባለሙያዎቹ ዘንድ ሥራው ዩአይ ዲዛይን ይባላል፤ የተጠቃሚውን ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚመለከተው ሰፊው ዘርፍ ደግሞ ዩኤክስ ይባላል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ግን «ዲዛይነር» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው የሠርግ መጥሪያ ካርድና ባነር ወደሚያዘጋጀው የማተሚያ ቤት ባለሙያ ነው። በዚህ የተነሳ የገጽታ ዲዛይነርም ቀለም መራጭና አሳማሪ ተደርጎ ይታያል። ማሳመር የሥራው አካል መሆኑ እውነት ነው፤ ከሥራው ሁሉ ግን ትንሹ ክፍል ነው።

ሙያው ረጅም ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል የተሠራው አልቶ ኮምፒውተር መስኮቶችንና ማውዝን አንድ ላይ አመጣ፤ በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ይህንኑ አሠራር ለብዙ ሰው አደረሰ። ለአማርኛ ተጠቃሚ ግን ከእነዚህ ዓመታት ይልቅ ክብደት ያለው እ.ኤ.አ. 1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የግዕዝ ፊደልን አካተተ። ከዚያ በፊት በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ያው ፎንት በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ተጠቃሚውን የሚያጠናው፣ ቃላቱን የሚጽፈው፣ ገጹን የሚስለውና የሚፈትነው የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል። እንደ ጎንደር ባለ ከተማ ለአንድ ሆቴል፣ ለአንድ ክሊኒክ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ የሚሠራ ዲዛይነር ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ብቻውን ይይዛል፤ አንዳንዴም ኮዱን ራሱ ይጽፋል። ሸክሙ ከባድ ነው። ቢሆንም የተጠቃሚውን ችግር በጆሮው የሰማው ሰው ገጹንም በእጁ ስለሚስለው፣ የሰማው ነገር መንገድ ላይ አይጠፋም።

ከሥዕሉ በፊት

ሥራው የሚጀምረው በመቀመጥና በማየት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ከከተማዋ አልፎ ከሩቅ ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንንም ይቀበላል። እንዲህ ላለ የጤና ተቋም የመመዝገቢያ ገጽ የሚያዘጋጅ ዲዛይነር ቢያንስ ግማሽ ቀን ካርድ ክፍል መዋል አለበት። በመስኮቱ በኩል የሚናገረው ታማሚው ሳይሆን ልጁ ወይም ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲጠየቅ ትክክለኛ ቀን ሳይሆን «ስልሳ ቢሞላት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ገጹ የልደት ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሞላ አላልፍም ካለ፣ መዝጋቢዋ ቀን ፈጥራ ከማስገባት ሌላ ምርጫ የላትም፤ የተፈጠረው ቀንም ከዚያ በኋላ እንደ እውነተኛ መረጃ ይኖራል። በግምት የተነገረ ዕድሜን የሚቀበል አንዲት ቦታ ይህንን ሁሉ ታስቀራለች። ይህችን ቦታ ቢሮ ተቀምጦ ማሰብ ይከብዳል።

ፊደልና ቃል

ለአማርኛ አንባቢ የሚሠራ ዲዛይነር የፊደል ሰው መሆን ግዴታው ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ በመጀመሪያው ከወገብ፣ በሁለተኛው ከእግር ላይ ትወጣለች። ለላቲን ፊደል የበቃ መጠን በቀጥታ ሲወሰድ ይህች ጭረት ትደበዝዛለች። ስለዚህ ፊደሉ ከፍ፣ የመስመሩም ክፍተት ሰፋ ማለት አለበት።

አማርኛ ትልልቅና ትንንሽ የሚባሉ ሆሄያት ስለሌሉት ርእስን በትልልቅ ሆሄ መለየት አይቻልም። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የብራና ጸሐፍት የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም እንዲሁም የክፍል መክፈቻዎችን በቀይ ቀለም ሲጽፉ፣ በገጹ አናት ላይም ሐረግ ሲስሉ ኖረዋል። ወስፌ ይዘው ብራናውን ሲያሰምሩ የአንባቢው ዓይን የት እንደሚያርፍ አስቀድመው ይወስኑ ነበር። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻቸው ባደረጓት ከተማ የሚኖር ዲዛይነር የገጽ አሠራር ትምህርቱን ከባሕር ማዶ ብቻ መፈለግ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የሚከተለው የፍለጋ ጉዳይ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ «ጎንደር» ተብሎም «ጐንደር» ተብሎም ይጻፋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሃይሉ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞው የሕክምና ታሪኩም በአሮጌው ካርድ ይቀራል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ እንዲሠራ መጠየቅና ከፕሮግራመሩ ጋር መነጋገር የዲዛይነሩ ኃላፊነት ነው።

ቃላቱን መጻፍም እንዲሁ። «ስም አስገባ» ለወንድ ነው፤ «አስገቢ» ለሴት። «ያስገቡ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ሁለቱንም ይይዛል፤ ለአዛውንቶችም የሚገባውን ክብር ይሰጣል። የስም ቅጹ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ ሰው ግራ ይገባዋል፤ በእኛ ዘንድ ያለው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው።

ቀንና ሰዓት

የጎንደር ሆቴሎች ከሚጨናነቁባቸው ጊዜያት ዋነኛው የጥምቀት በዓል ነው፤ በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ጥር 11 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ወደ 20 ይሸጋገራል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። አንዱን አቆጣጠር ብቻ የሚያሳይ የመኝታ ክፍል መያዣ ገጽ እንግዳውን ከከተራ ወይም ከበዓሉ ሊያጎድለው ይችላል። አገልግሎቱ ለአገሬውም ለውጭ እንግዳም ከሆነ ሁለቱ ቀናት ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ለሰዓትም እንደዚያው፤ አውቶቡስ «11 ሰዓት ይነሳል» ሲባል ተሳፋሪው ንጋት ላይ ይዘጋጃል፤ የአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለው 11 ግን ረፋዱ 5 ሰዓት ነው። «ንጋት» ወይም «ረፋድ» የሚል ቃል አጠገቡ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ሲረሳ ግን መንገደኛን ያስቀራል።

መሳልና መፈተን

ፊግማን በመሳሰሉ የዲዛይን ሶፍትዌሮች የሚከናወነው ሥዕል ከወረቀት ንድፍ ይነሳል። በዚህ ክፍል የታወቁ መለኪያዎች አሉ፤ በዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ መሠረት መደበኛ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር (የብሩህነት ልዩነት) ሊኖረው ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ፣ በቀትር ፀሐይ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ክፍያ መድረሱን የሚያጣራ ሹፌር ይህ ቁጥር ለምን እንዳስፈለገ ያውቃል። ስማርት ስልክ የሌለውም ተጠቃሚ አለ። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ከመተግበሪያው ሌላ በ*127# መሥራቱ፣ ሥዕልና ቀለም በሌለበት በቁጥር የሚመረጥ ዝርዝርም ዲዛይን እንደሚፈልግ ያሳያል፤ የትኛው ምርጫ 1፣ የትኛው 5 ይሁን የሚለው ውሳኔ ነው።

ለፍተሻ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አብዛኛው ችግር በ5 ሰዎች ሙከራ ይገኛል። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በር ላይ፣ ቅዳሜ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ ስልኩን ሰጥቶ ዝም ብሎ ማየት ይቻላል። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ ዲዛይነሩ እጁን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይንኩ» ካለ ሙከራው አበቃ።

ገጹ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም ዲዛይነሩ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ የተሞላው ቅጽ ተጠብቆ መቆየቱን ያያል። መዝጋቢዎቹ በኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር የለጠፉትን፣ «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን ተጫን» የሚል የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ፈልጎ ያነባል። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ገጹ ውስጥ ያልተሠራ ሥራ ነው፤ የሚቀጥለው ማሻሻያም የሚጀምረው ከእሱ ነው።