የባንክ ብድር ሁኔታ በኢትዮጵያ የንግድ ዘርፎች

በኢትዮጵያ ከንግድ ባንክ የሚበደር ድርጅት የሚገጥመውን ሁኔታ ከወለድ መጣኔው ይበልጥ የሚወስኑት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ የሚያስይዘው ንብረትና ሥራው የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ወይም የሚፈልግ መሆኑ። ዘመናዊው የባንክ ሥራ በ1898 ዓ.ም. በአቢሲኒያ ባንክ ተጀመረ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከተወረሱ በኋላ እስከ አዋጅ ቁጥር 84/1986 ድረስ ባንክ ማለት የመንግሥት ባንክ ብቻ ነበር።

የግል ባንኮች የማበደር አቅም በእጅጉ የተፈተነው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ የግል ባንክ ከሚለቀው ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ እየመደበ በ5 ዓመት የሚከፈል የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ እንዲገዛ ተገደደ። ሰነዱ 3 በመቶ ሲያስገኝ ለቆጣቢ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ስለነበር፣ ጉድለቱ የሚሸፈነው ከሌላው ተበዳሪ ነበር። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ቅድሚያ ለተሰጣቸው ዘርፎች ይቀርብ ስለነበር፣ ከፕሮጀክቱ ወጪ 30 በመቶውን በራሱ የሸፈነ ባለፋብሪካ የእፎይታ ጊዜ ያለው የረጅም ጊዜ ብድር ሲያገኝ፣ ለሸቀጥ ማዞሪያ የሚፈልግ ጅምላ ሻጭ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ይኸው ባንክ በጋምቤላ ለዝናብ ጠባቂ ሰፋፊ እርሻዎች ከሰጠው ብድር ብዙው ተበላሽቷል። መመሪያው የግሉን ዘርፍ ምን ያህል እንደጎዳ የባለሙያዎች አስተያየት ይለያያል፤ የግል ባንኮቻችን ሸክሙን ችለው፣ ቅርንጫፎቻቸውን አስፋፍተው፣ አትራፊ ሆነው መዝለቃቸው ግን አያከራክርም። ግዴታው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተነሥቷል።

የተሻለ አቀባበል የሚደረግለት ላኪው ነው። ባንኩ ዶላሩን ስለሚፈልገው ቡና ወይም ሰሊጥ ለሚልክ ድርጅት የቅድመ ጭነት ብድር ይሰጣል፤ ዶላሩን ለማግኘት ሲሉ በኪሳራ ልከው ኪሳራውን በሚያስመጡት ዕቃ ዋጋ የሚያካክሱ ነጋዴዎች መኖራቸውም በገበያው የታወቀ ነው። ለተቋራጭ ከጥሬ ገንዘቡ የማይተናነስ አስፈላጊነት ያላቸው ባንኩ ስለ እሱ ለአሠሪው የሚሰጣቸው የቅድሚያ ክፍያና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናዎች ናቸው፤ የአሠሪው ክፍያ በዘገየ ቁጥር ደግሞ የኦቨርድራፍቱ (በሒሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጣ የሚፈቅድለት ብድር) ወለድ ይቆጥራል። አነስተኛው ገበሬ መሬቱን ለባንክ እንደ ከተማ ቤት ማስያዝ ስለማይችል ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በቡድን ዋስትና ይበደራል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን፣ ሰብልንና ተሰብሳቢ ሂሳብን ማስያዝ ቢፈቅድም፣ የብድር ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤት ካርታ ወይም የተሽከርካሪ ሊብሬ ነው። ካርታ ያለውም ቢሆን ዕዳውን ባይከፍል ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማርገብ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጣሪያው ባለበት ስለቆየ፣ ለዚያው መጠን ዕቃ እጥፍ ያህል ብር የሚያስፈልገው አስመጪና ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያመጣ ፋብሪካ ከሌሎች ቀድመው ተጨነቁ፤ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ለመክፈት ዶላሩ ተገኝቶ ብሩ የሚታጣበት ጊዜ መጣ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደረገ።