ባለ ጎማው ፓራሞተር

ፓራሞተር ከጨርቅ የተሠራ ክንፍ፣ ሞተርና ፕሮፔለር ያሉት ቀላል የበረራ መሣሪያ ነው። በተለመደው መልኩ አብራሪው ሞተሩን በጀርባው ተሸክሞ፣ ክንፉን ከኋላው እየጎተተ ሮጦ ይነሳል፤ ሲያርፍም የሚያርፈው በገዛ እግሩ ነው። ሞተሩ ከነነዳጁ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ተሸክሞ መሮጡ ለጉልበት ምሕረት የለውም። ትራይክ የሚባለው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ይህን ሸክም ከጀርባ ያወርዳል። አብራሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን ይታጠቃል፣ ሞተሩ ከኋላው ይታሰራል፣ ሩጫው የጎማዎቹ ይሆናል። ጉልበታቸው የደከመ ሰዎችና መሮጥ የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ወደዚህ ስፖርት የገቡት በአብዛኛው በጎማው በኩል ነው። ሁለት ሰው የሚጭኑ ትራይኮችም አሉ።

ክንፉ አጥንት የለውም። ሁለት የናይለን ጨርቆች ከላይና ከታች ሆነው በመካከላቸው በተሰፉ ግድግዳዎች ወደ ብዙ ክፍሎች ይከፈላሉ። የፊት ጠርዙ ላይ ክፍት አፎች አሉ፤ ወደ ፊት ሲሄድ በእነዚህ የሚገባው አየር ይነፋዋል፣ ቅርጹንም ይሰጠዋል። ሲቆም ተመልሶ ጨርቅ ነው። ይህ በአየር የሚነፋ ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የዶሚና ጃልበርት ፈጠራ ሲሆን ለፓራሹት ዘላዮች አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሚዩሲ በተባለች የፈረንሳይ ተራራማ መንደር ዘላዮች ከአውሮፕላን ይልቅ ከዳገት ላይ እየተንደረደሩ መነሳት ጀመሩ። ሞተሩም ብዙ አልዘገየም። ትራይኩን በሞተር ከሚሄደው ፓራሹት ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው፤ የፓራሹቱ ክንፍ አራት ማዕዘን፣ ወፍራምና ዘገምተኛ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘወረው በእግር ነው። ትራይኩ የሚጠቀምበት፣ ከዳገት ለመነሳት የተሠራው የፓራግላይደር ክንፍ ግን ረዘም ቀጠን ያለ ነው፤ የሚዘወረውም በእጅ በሚሳቡ የፍሬን ገመዶች ነው።

የትራይክ በረራ እጅግ አስቸጋሪው ክፍል ገና መሬት ላይ ሳሉ የሚያልፉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ክንፉ ከጋሪው በስተኋላ ሣር ላይ ይዘረጋል፣ የጋሪው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ገመዶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። አንዲት ቀጭን ገመድ ጎማ ላይ ወይም በፕሮፔለሩ መከላከያ ቀለበት ላይ ከተያዘች የዕለቱ በረራ እዚያው አበቃ። ከዚያ ለሞተሩ ነዳጅ ይሰጠዋል። ጋሪው መንከባለል ሲጀምር የፊት ገመዶቹ ይወጠራሉ፣ የክንፉ ጠርዝ ይነሳል፣ ጨርቁ እየተነፋ ከመሬት ይላቀቃል። በዚህ ጊዜ ክንፉ ጋሪውን እንደ እምቢተኛ በቅሎ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከራስ በላይ ሲደርስ ጉተታው ባንዴ ይጠፋል፤ ያኔ ፍሬኑ ለስለስ ብሎ ካልያዘው አብራሪውን ቀድሞ ከፊቱ ይደፋል። በእግሩ የሚነሳ ሰው ይህን ሁሉ በትከሻውና በወገቡ ይሰማዋል። የተቀመጠው ግን ይህ ስሜት በግማሽ ይጎድለዋል፤ ስለዚህም ብዙዎች ከፊታቸው ትንሽ መስታወት አስረው ክንፉን በእርሷ ይከታተላሉ። ጎማው ድካሙን አስቀረ እንጂ ብልሃቱን አላስቀረም፤ ትራይክ ለጀማሪ ይቀላል ሲባል ስሰማ የማመነታውም ለዚህ ነው።

መገልበጥም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ክንፉ ወደ ግራ አዘንብሎ ተነሳ እንበል። በእግሩ ያለው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብሎ ከሥሩ ይገባል። ጎማ ግን ወደ ጎን አይራመድም። አብራሪው ቀጥ ብሎ ነዳጅ ከጨመረ ክንፉ የጋሪውን አናት ወደ ጎን ይስባል፣ አንደኛው የኋላ ጎማ ይነሳል፣ ከዚያ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል። መፍትሔው የፊት ጎማውን ክንፉ ወዳለበት አቅጣጫ መዝወር ነው፤ እምቢ ካለም ሞተሩን አጥፍቶ ክንፉን ማውረድ። ማጥፋት የሚያስከፍለው ክንፉን እንደገና የመዘርጋት ድካም ነው፤ አለማጥፋት የሚያስከፍለው ፕሮፔለር ነው፣ ያውም ከታደሉ።

አየር ላይ ነገሩ ይረጋጋል። አብራሪው ከክንፉ ሥር እንደ ፔንዱለም ስለሚንጠለጠል መሣሪያው በራሱ ሚዛኑን ይጠብቃል። አዲስ ሰውን የሚያስገርመው ነዳጅ ሲጨመር ፍጥነቱ አለመጨመሩ ነው፤ ትራይኩ ከፍ ይላል እንጂ አይፈጥንም። የብዙዎቹ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ከገጠመው መሬት ላይ የሚሮጥ ሰው ሊቀድመው ይችላል። ሞተሩ ቢጠፋ ክንፉ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ ማረፊያ ሜዳ ከዓይኑ አያርቅም። የጋሪው ክብደት ሰፋ ያለ ክንፍ ይጠይቃል፤ ጋሪው ከአየሩ ጋር መታገሉም መንሳፈፉን ያሳጥረዋል።

የሚበረረው ማለዳና ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ነው። በቀትር የሞቀው መሬት አየሩን እያነሳ ይንጠዋል፣ ክንፉንም ሊያጥፈው ይችላል። ከዛፍና ከኮረብታ ጀርባ ያለው ነፋስም እንዲሁ ተንኮለኛ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ሲታይ አይለይም። ውኃ ላይ መውደቅ ለትራይክ የከፋ ነው፤ አብራሪው ከሚሰምጥ ብረት ጋር ታስሯልና። ከዚህ ስፖርት ከባድ ጉዳቶች መካከል የሚሽከረከር ፕሮፔለር በእጅና በክንድ ላይ የሚያደርሰው ይገኝበታል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሞተር ሲነሳ ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም በታች የሆነ የአንድ ሰው ትራይክ ያለ አብራሪነት ፈቃድ ይበረራል፤ ነገር ግን በሕዝብ በተጨናነቀ ስፍራ ላይ ማለፍ ክልክል ነው። ፈረንሳይ የብቃት ማረጋገጫ ትጠይቃለች። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድሮች ባለ ጎማዎቹ ከእግረኞቹ ተለይተው በራሳቸው ምድብ ይወዳደራሉ።

ማረፉ ከመነሳቱ ይቀላል። ከመሬት ጥቂት ሲቀር ሁለቱም ፍሬኖች ተስበው የኋላ ጎማዎቹ ቀስ ብለው ይነካሉ። ክንፉ ግን ገና አየር ላይ ነው። ፕሮፔለሩ ሳይቆም ከወደቀ ገመዶቹን ስቦ ይቆርጣቸዋል፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ያረፈ ጨርቅም ይቀልጣል። ስለዚህ አብራሪው ሞተሩን አስቀድሞ ያጠፋል፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይስባል፣ ክንፉ ከኋላው ሣሩ ላይ ተኝቶ ነፋሱ እስኪወጣለት ድረስም ቀበቶውን አይፈታም።