የልብ ወለድ የጠፈር መርከብ ጊዜው የሚያልፍበት መቼ ነው?

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ የጠፈር ልብ ወለድ የምትጽፉ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ፤ ማርጀትና ጊዜ ማለፍ አንድ አይደሉም። ማርጀት የአካል ጉዳይ ነው፤ ብረቱ በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ጊዜው የሚያልፍበት ግን የተሰጠውን ሥራ መወጣት ሲያቅተው ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ ይመላለስ የነበረው ኤንትሬ የጭነት መኪና ሞተሩ እየታደሰ ጭነቱን እስከተሸከመ ድረስ አርጅቶም ሠርቷል።

ስታር ትሬክ በተባሉት የአሜሪካ የጠፈር ፊልሞችና ድራማዎች ዓለም ኤክሴልሲየር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2285 አዲስ ነበረች፤ የእሷ ዓይነት መርከቦች በ2370ዎቹም ይዋጋሉ። ወደ 90 ዓመት መሆኑ ነው። እውነተኛው ምክንያት ለፊልሙ የተሠራው የመርከቧ ትንሽ ሞዴል ደጋግሞ ለቀረጻ መዋሉ ቢሆንም፣ ነገሩ ያስኬዳል፤ የመጨረሻው የአሜሪካ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ አሁንም ይበራል። በተቃራኒው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1906 በመድፍም በፍጥነትም የሚበልጠውን ድሬድኖት የተባለ የጦር መርከብ ሲያወጡ፣ ገና ቀለማቸው ያልደበዘዘ የጦር መርከቦች ሳይቀሩ በአንድ ጊዜ ኋላ ቀሩ።

ስለዚህ ዕድሜ ከመቁጠራችሁ በፊት በመርከቧ ውስጥ ለእድሳት የሚሆን ክፍት ቦታ መኖር አለመኖሩን ወስኑ። ብዙ ጊዜ እድሳትን የሚያከሽፈው የኃይል አቅርቦት ነው፤ አዲሱ መሣሪያ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ ብዙ ኃይል ወፍራም ገመድና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ ግድግዳ መፍረስ አለበት። ወጪው ወደ አዲስ መርከብ ዋጋ ሲጠጋ ያቺን መርከብ ከአገልግሎት አውጧት። ሰፊ ክፍት ቦታ ያላት የጭነት መርከብ ግን በሰላም ዘመን መቶ ዓመት ብትሠራ አንባቢ ያምናችኋል።