የትሮምቦን ቦር ምንድን ነው?

ቴነር ትሮምቦን፣ ማለትም የተለመደውን የናስ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ለመግዛት የተነሳ ሰው ከሞዴሉ ስም ጎን 0.500፣ 0.508፣ 0.525 ወይም 0.547 የሚል ቁጥር ማየቱ አይቀርም። የቦሩ ልክ ነው። ቦር ማለት የስላይዱ (ኖታ ለመቀየር ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተው ክፍል) ውስጠኛ ቱቦ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር በኢንች ሲለካ ያለው ስፋት ነው። ቱቦው ስላይዱን ካለፈ በኋላ ድምፅ እስከሚወጣበት ሰፊ አፍ፣ እስከ ቤሉ ድረስ እየሰፋ ስለሚሄድ ቁጥሩ የቀረውን የመሣሪያውን ክፍል አይገልጽም። አንዳንዶቹ ደግሞ በሁለቱ የስላይድ እግሮች (ጎን ለጎን ባሉት ቱቦዎች) ላይ የተለያየ ልክ አላቸው፤ ኪንግ 2ቢ የተባለው ሞዴል በአንዱ 0.481፣ በሌላው 0.491 ነው።

0.500 ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.547 ደግሞ 13.9 ገደማ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን የቀዳዳው ክብ የቆዳ ስፋት ሲሰላ ትልቁ ከትንሹ 20 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ የሚነፋው ሰውም ልዩነቱን ገና በመጀመሪያው ትንፋሽ ያውቀዋል። ጠባቡ በትንሽ አየር ቶሎ ድምፅ ያወጣል፤ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋም ድምፁ ሰላ ብሎ ይወጣል። ሰፊው ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ድምፁ ወፈርና ሞላ ያለ ነው፤ ሰላ እስኪል ድረስም ብዙ ያስነፋል።

ጃዝ ተጫዋቾች ወደ ጠባቡ የሚያደሉት ለዚህ ነው። በተለመደው ቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ቡድን) አራት ትሮምቦኖች አሉ፤ ሦስቱ ቴነር፣ አንዱ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ባስ። በአንድ ወገን ትራምፔቶች፣ በሌላ ወገን ሳክስፎኖች፣ ከጎን ድራም አለ። በዚያ መሀል አጫጭርና ፈጣን ኖታዎች ተለይተው መሰማት አለባቸው፤ ሊድ (ሌሎቹን የሚመራውን የመጀመሪያውን ክፍል) የሚጫወተው ደግሞ ምሽቱን ሙሉ ከፍ ባሉት ኖታዎች ላይ ይቆያል። በሰፊ ቦር ይህን ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከንፈርም ትንፋሽም ቶሎ ይደክማል። 0.508 የሆነው ኪንግ 3ቢ በጃዝ ተጫዋቾች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተወዳጅ ሆኖ የቆየው በከንቱ አይደለም።

ኦርኬስትራ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሁለት ቴነርና አንድ ባስ ሆነው አንድ ወፍራም ኅብረ ድምፅ ማውጣት ስለሚጠበቅባቸው የተለመደው 0.547 ነው፤ ባክ 42 እና ኮን 88ኤች የታወቁት ናቸው። አብዛኞቹ ትሪገር አላቸው፤ በግራ አውራ ጣት ሲጫን ተጨማሪ ቱቦ ይከፈትና የመሣሪያው መነሻ ኖታ ከቢ ፍላት ወደ ኤፍ ይወርዳል። ስላይዱ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ የማይገኙትን ዝቅተኛዎቹን ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ዲ ፍላትና ሲ የሚያስገኘው ይህ ነው። ለጃዝ ብዙም አያስፈልግም፤ ክብደቱ ግን ግራ እጅ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ትልቅ ቦር የባለሙያ፣ ትንሽ ቦር የተማሪ ነው የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም፤ የጀማሪ ትሮምቦኖች ብዙውን ጊዜ 0.500 ናቸው፣ ክላሲካል የሚማረው ደግሞ አደግህ ሲባል ወደ 0.547 ይሸጋገራል። ሆኖም ሦስቱ 0.508 በያዙበት የትሮምቦን ሴክሽን (ቡድን) ውስጥ አንዱ 0.547 ይዞ ሲቀመጥ ድምፁ ከጓደኞቹ ጋር አይገጥምም፤ ለመድረስ ሲል አብዝቶ ይነፋል፣ ሊዱንም ይሸፍነዋል። 0.508 ይዞ ኦርኬስትራ ውስጥ የገባም በተራው ቀጭን ሆኖ ይሰማል። 0.525 የመሀል ቤት ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ ኖሮት ማርሽ ባንድም ጃዝም ለሚጫወት ሰው አልቃወምም፤ ዋናው ሥራው ጃዝ ከሆነ ግን ያለ ትሪገር 0.508 ይግዛ እላለሁ።

ማውዝፒሱም (ከንፈር ላይ ተደርጎ የሚነፋበት ክፍል) ከቦሩ ጋር ይሄዳል። ወደ መሣሪያው የሚገባው ጭራ ትንሽና ትልቅ ተብሎ በሁለት ይለያል፦ 0.500 እና 0.508 ትንሹን፣ 0.547 ትልቁን ይቀበላሉ፤ 0.525 እንደ ሠሪው ይለያያል። ትንሹን ጭራ ትልቁ ላይ ቢሰኩት ይወዛወዛል። ጠባብ ቦር ላይ ጥልቅና ሰፊ ማውዝፒስ መግጠምም የተገዛበትን ሰላ ያለ ድምፅ መልሶ ያደበዝዘዋል።

ያገለገለ ከሆነ ከቦሩ በፊት ስላይዱ ይታይ። የስላይዱን የውጪ ቱቦ አውጥተው አንዱን እግር ብቻ በውስጠኛው ላይ ያስገቡና ያንቀሳቅሱት፤ ከዚያ ሌላውን። ለየብቻ በነፃነት ሄደው አንድ ላይ ሲሆኑ ከያዙ፣ ሁለቱ እግሮች ትይዩ መሆናቸው ቀርቷል፤ ልምድ ያለው ጠጋኝ ሊያስተካክለው ይችላል። ናሱ ላይ መሀላቸው የጠቆረ ሮዝ ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ቱቦው ከውስጥ እየተበላ ነው፤ ያኔ የሚያዋጣው ክፍሉን መቀየር ወይም ሌላ ትሮምቦን መፈለግ ነው።