ስለ ባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ባክቴሪያ ያለበት ባሕር የተበከለ ነው።»
ከሰው ቆሻሻ እጅግ ርቆ ከሚገኝ ውቅያኖስ የተቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ እንኳ አንድ ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። አብዛኞቹ በሰው ላይ በሽታ አያመጡም።

«በፎቶሲንተሲስ ረገድ ደንን የሚስተካከል የለም።»
በምድር ላይ በየዓመቱ ከሚከናወነው ፎቶሲንተሲስ (በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግብ ሠርቶ ኦክስጅን የማውጣት ሂደት) ግማሽ ያህሉ የሚካሄደው በባሕር ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን የሚያከናውኑት ፋይቶፕላንክተን የተባሉ ጥቃቅን ተንሳፋፊ ተሕዋስያን ናቸው። በአንድ ጊዜ ቢመዘኑ የየብስ ዕፅዋትን ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ምስጢሩ ፍጥነታቸው ነው፤ ዛፍ ያመረተውን በግንዱና በሥሩ ለዓመታት ሲያከማች፣ እነርሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይባዛሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ የሌሎች ምግብ ይሆናሉ። ከእነርሱ መካከል በቁጥር የሚበልጠው ፕሮክሎሮኮከስ 0.6 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ብቻ ስፋት ስላለው፣ የባሕር ተመራማሪዋ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕዋሳትን በሌዘር የሚለይ መሣሪያ መርከብ ላይ ጭነው እስኪያገኙት ድረስ ማንነቱ በውል አልታወቀም ነበር።

«እንግዲያው ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሹ ከባሕር የመጣ ነው።»
ይህ በቅን ልቡና የሚነገር ቢሆንም አሳሳች ነው። ፋይቶፕላንክተን የሚያመርቱት ኦክስጅን፣ እነርሱን የሚመገቡ እንስሳትና ሙታኑን የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች ሲተነፍሱ ከሞላ ጎደል ተመልሶ ያልቃል፤ የደኑም እንዲሁ ነው። በአየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ኦክስጅን በዘመናት የተጠራቀመ ትርፍ ነው፤ ሳያኖባክቴሪያ የተባሉ ፎቶሲንተሲስ የሚያከናውኑ ባክቴሪያዎች ከ2.4 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከባቢ አየርን መለወጥ ከጀመሩ አንሥቶ፣ ሳይበሰብስ በባሕር ደለል ውስጥ ከተቀበረው ጥቂት ቅሪት ልክ ሲተርፍ የኖረ። ስለዚህ ፋይቶፕላንክተን ዛሬ ቢጠፉ ትንፋሽ ወዲያው አያጥረንም፤ አስቀድሞ የሚያልቀው የዓሣው ምግብ ነው። ከቅሪታቸው ጋር ወደ ጥልቁ የሚወርደው ካርቦንም ስለሚቋረጥ፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ይጨምራል።

«ብርሃን የማይደርስበት የባሕሩ ጥልቅ ክፍል ሕይወት የሌለበት በረሃ ነው።»
በ1977 እ.ኤ.አ. በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ፍል ውኃ የሚመነጭበት ወለል ላይ፣ አፍም አንጀትም የሌላቸው ትላልቅ ትሎች ተገኙ። የሚመግቧቸው በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩና ኃይልን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከተባለ ኬሚካል የሚያገኙ ባክቴሪያዎች ናቸው። (የሚጠቀሙበት ኦክስጅን ግን ብርሃን ካለው ውኃ የወረደ በመሆኑ፣ ከፀሐይ ፈጽሞ ተለይተዋል ማለት አይቻልም።)

«ቫይረስ ጥፋት እንጂ ጥቅም የለውም።»
የባሕር ቫይረሶች በአብዛኛው የሚያጠቁት ባክቴሪያዎችን ነው፤ የፈነዳው ሕዋስ የያዘው ናይትሮጅንና ብረት ተመልሶ ውኃው ውስጥ ስለሚገባ፣ የተረፉት ባክቴሪያዎችና ፋይቶፕላንክተን ያድጉበታል።